ሃያ ሁለት ቤት ሲሟላ

ሚያዝያ 7፣ እሁድ

ዛሬ ጸሐፊ ሆንኩ። የተመኘሁት ሕግ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን የሕንጻችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ። ሠላሳ ሁለት ቤት፣ አራት ፎቅ፣ አንድ የማያባራ ጭቅጭቅ።

ምርጫው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የቀድሞው ጸሐፊ ቤቱን ሸጦ ሄዷል። ሊቀመንበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ መምህር የምንላቸው ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ፣ "ማን ይተካ?" ሲሉ ሰው ሁሉ የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ "ያቺ ሕግ የተማረችው ልጅ አለች አይደል? ቤት ነው የምትውለው!" አለ። ቤት ነው የምትውለው። እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ተነሺ ማለቷ ይሁን ዝም በይ፣ እስካሁን አልገባኝም። ተነሳሁ።

ቤት ስንገባ፦

"ደመወዝ አለው?"

"የለውም እማዬ። በጎ ፈቃድ ነው።"

"እንኳን ደስ ያለሽ! ሰባት ወር ሥራ ስትፈልጊ ከርመሽ የማይከፈልበት አገኘሽ።"

ሳቅን። ግን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ማኅተም፣ ቃለ ጉባኤ መዝገብና መተዳደሪያ ደንብ ሲያስረክቡኝ ደረቴ ተነፋ። ማኅተሙን ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ መታሁት። እንዲሁ፣ ለመሞከር።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አርባ ሦስት አንቀጽ ነው። እስከ ሠላሳኛው በጥንቃቄ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኔ እየተጨፈነ።

እራት ላይ ለእማዬ አስረዳኋት። ከበራችን ወደ ውስጥ ያለው የእኛ ነው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ ከሕንጻው ጀርባ የአቀበቱን አፈር የያዘው ግንብ ግን የሁላችንም ነው። እነዚህን መጠገን የማኅበሩ ግዴታ እንጂ ሲመቸው የሚውለው ውለታ አይደለም። ሳይጠገን ቀርቶ ሰው ቢጎዳ ካሳው የሠላሳ ሁለታችን ነው። አደጋውን እያወቀ ዝም ያለ የኮሚቴ አባል ደግሞ በግሉ ይጠየቃል።

"በግሉ ማለት?"

"ከኪሱ።"

"አንቺ ኮሚቴ ነሽ አይደል?"

"ነኝ።"

"ነይ እስቲ ኪስሽን ልዳብሰው።"

ሚያዝያ 13፣ ቅዳሜ

ልብስ ሰፊዋ ጠራችኝ። ምድር ቤት፣ ቤት ቁጥር 3፣ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። የልጆቹ አልጋ ያለበት የኋላ ክፍል መስኮት ፊት ለፊቱ ግንቡ ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይታይም።

ግንቡ ሆዱን ነፍቷል። ስንጥቁ ጣቴን ያስገባል።

በልብስ መለኪያ ሜትሯ በየወሩ ከመስኮቱ ደፍ እስከ ግንቡ ትለካዋለች። ቁጥሮቹን በልብስ ጠመኔ መስኮቱ ሥር ጽፋቸዋለች። ባለፈው ዓመት 112 ሳንቲ ሜትር። አሁን 104።

"ወገቡ እየሰፋ ነው" አለችኝ። "ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ልብሴን አስፊልኝ ብሎ ይመጣ ነበር።"

"ለማን ተናገርሽ?"

"ለማን ያልተናገርኩት አለ እህቴ? ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። በይ አንቺም ነቅንቂና ሂጂ።"

አልነቀነቅሁም።

ማታ ቆርቆሮውን ገለበጥኩት። ከሥር አንድ ደብዳቤ ወጣ፤ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈው። የግንቡ ውሃ መውጫዎች ተደፍነዋል፣ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ግንቡ ይገፋል፣ ከዝናቡ ወራት በፊት ፈርሶ ይሠራ። ጥግ ላይ በእጅ ጽሑፍ "ታይቷል" ይላል። ማኅበሩ አውቋል ማለት ነው። በወረቀት አውቋል።

ዝናቡ ሊገባ ሁለት ወር አይሞላም።

ሚያዝያ 18፣ ሐሙስ

ጋሼ መምህር ቤት። "የማኅበሩ መጠባበቂያ ገንዘብ የታለ ጋሼ?"

ባለ ካሬ ደብተራቸውን ገለጡልኝ። የውሃ ፓምፑ ሲቃጠል ከዚያ፣ የጥበቃው ደመወዝ ሲጓደል ከዚያ። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተጽፏል፤ አንድም የተበላ የለም። ደንቡ ግን መጠባበቂያው ለትልቅ ጥገናና ለአደጋ ብቻ ነው ይላል። ይህን ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ሰው መዋጮውን ካልከፈለ በምን ላስተዳድር? በጠመኔ?"

የቀረው ለግንቡ ሲሶም አይሆንም። ልዩ መዋጮ በጠቅላላ ጉባኤ መወሰን አለበት።

የውዝፍ ባለዕዳዎችን ዝርዝርም ሰጡኝ። አሥራ አንድ ቤት። አንዱ ቤት ቁጥር 14 ነው። የእኛ። ካለፈው ዓመት መጋቢት ጀምሮ አሥራ ሦስት ወር። እኔ ያኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ላፕቶፑ የተገዛልኝም በዚያው ሰሞን ነው። የእማዬ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ደመወዝ አንድም ወር አልተቋረጠም። እንዴት እንዲህ እንደተዘናጋች ሊገባኝ አልቻለም። ጠየቅኋት። "ይከፈላል" አለችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረችው።

ሚያዝያ 28፣ እሁድ

ጉባኤ። ደንቡ የሚጠይቀው ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ሃያ ሁለት ቤት። የመጣው አሥራ አምስት። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሁለቱ ሰልችቷቸው ሊሄዱ ተነሱ።

ጋሼ መምህር፣ "እንደተለመደው መዝገቡን እናዞራለን" አሉ። በየቤቱ እየዞሩ ያልመጣውን እንደመጣ አድርጎ ማስፈረም ማለት ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ያስኬዳል?"

"ሃያ ዓመት አስኬዶናል።"

ገንዘብ ያዧ፣ ፋርማሲስቷ፣ ቦርሳዋን እያነሳች፣ "ግንቡ ምልዓተ ጉባኤ አይጠብቅም እህቴ" አለችኝ። እውነቷን ነው። አሥራ አምስቱም ተስማሙ። 104 ነው ያለው። የሕግ ክርክር ሰዓት ነው? አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ዓላማው ማለቴ ነው።

ሚያዝያ 30፣ ማክሰኞ

ሁለት ማታ፣ አራት ፎቅ። ዘጠኝ ፊርማ። ሃያ አራት ሞላ!

ማንም አላነበበም። አንዱ ጢሙን እየላጨ በአረፋ እጁ። አንዷ ጉልበቷ ላይ። "ስለምን ነበር?" "ስለ ግንቡ።" "አ፣ ጎሽ።" ፈረመች።

ቤት ቁጥር 21 የመለዋወጫ ነጋዴው ነው። ስብሰባ ላይ ከሰላምታ በፊት "ተቃውሞ አለኝ" ስለሚል ስሙ ተቃውሞ አለኝ ሆኖ ቀርቷል። አልነበረም፤ ሚስቱ ከፈተችልኝ። "ስሙን ልጻፍለት?" አለችኝ። ቸኩዬ ነበር። "ጻፊለት" አልኳት።

ሁሉም ፊርማ ሚያዝያ 28 ይላል። ማኅተም አሳረፍኩበት።

ግንቦት 11፣ ቅዳሜ

መዋጮው እየገባ ነው። ግንበኛው ዛሬ ጀመረ። የግንቡን አንድ ጫፍ አፍርሶ ከሥሩ ረጅም ጉድጓድ ቆፈረ። ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቷ ሆና ሻይ አቀበለችው። "መጨረሻውን ሳላይ አላምንም" ብላኛለች፤ ፊቷ ግን አምኗል።

አንድ የሕግ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ! ማክሰኞ።

በደረጃው ስወጣ ሁለት ሴቶች፣ "ይቺ ልጅ ሰው ሆነች" ሲሉ ሰማሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

ግንቦት 16፣ ሐሙስ

ተቃውሞ አለኝ በሩን ደበደበው። በአንድ እጁ የመዋጮ መጠየቂያዬ፣ በሌላው የአውቶቡስ ትኬት።

"ሚያዝያ 28 የት ነበርኩ?"

"እ... እርስዎ..."

"ሌላ ከተማ! ይኸው ትኬቱ። መዝገብሽ ግን ተገኝቷል ይላል። መንታ አለኝ እንዴ? ካለኝ አሳዩኝ፣ መዋጮውን እሱ ይክፈል!"

እማዬ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ነበር። ዞራ ወደ ማድ ቤት ገባች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ግንቦት 20፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ደብዳቤ መጣ። ከማኅበራት መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት፤ ተቃውሞ አለኝ አመልክቶ ነው። ውሳኔው ታገደ። የተሰበሰበው መዋጮ እንዳይነካ። ግንበኛው መሣሪያውን ሰበሰበ። "እኔ በነፃ አልቆፍርም እህቴ።"

ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባንነካው ይሻል ነበር።

እዚያው ዕለት፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ኮሚቴው ጋሼ መምህር ቤት ተሰብስቦ ነበር። ፋርማሲስቷ፣ "ገንዘቡን ለእሱ ብቻ መልሰን ዝም ብናሰኘውስ?" አለች። ጋሼ መምህር፣ "ሚስቱ የፈረመችው ጉባኤው ላይ ስለነበረች ነው ብንል?" አሉ፤ ብለውም አልጨረሱት፣ ፊታቸው ቀላ። አርባ ዓመት ሙሉ ፈተና የሚኮርጁ ልጆች የያዙ ሰው ናቸው። ዞር ብለው፣ "ወይ ደግሞ የጸሐፊ ስህተት ነው ይባል" አሉ ቀስ ብለው።

የጸሐፊ ስህተት። ተናደድኩ። ደረጃውን እየወረድኩ ሁሉ ተናደድኩ። ልማዱን እኔ አላመጣሁትም! ሃያ ዓመት ሲያዞሩት ኖረው! ከዚያ በልብስ ሰፊዋ በር ሳልፍ ልጆቿ ሲንጫጩ ሰማሁና ቆምኩ። "ጻፊለት" ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አልነበሩም፣ ልማዱም አልነበረም። አምስት ዓመት ሕግ የተማርኩት እኔ። አንዷ "ስለምን ነበር?" ብላ ስትጠይቀኝ እንኳ "ስንት ትከፍያለሽ" የሚለውን አልነገርኳትም፤ እንዳትጠይቀኝ ነበር የቸኮልኩት።

ግን ይህን ለጽሕፈት ቤቱ ጽፌ ባምን? የሕግ ቢሮው መልስ ገና አልመጣም። የጥብቅና ፈቃድ ማመልከቻው ቅጣት አለብሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሁለት ረቂቅ ጻፍኩ። በአንዱ "ተፈረመ" ይላል፤ ማን እንዳስፈረመ የለበትም። ቀደድኩት።

ግንቦት 22፣ ረቡዕ

ሄድኩ። ባለሙያዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ የምታይ ሴት ናት። የጻፍኩትን አንብባ ጨረሰች።

"እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው እዚህ አይመጣም" አለች። "የሚመጡት 'አላየሁም፣ አልሰማሁም' ይዘው ነው። ለመሆኑ አንቺ ስትመረጪ ስንት ቤት ነበር?"

አላውቅም። አልቆጠርኩም! ሳቀችብኝ።

ከዚያ በደንብ አስረዳችኝ። አዲስ ጉባኤ፣ ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ ተጠርቶ። መምጣት የማይችል ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት ይችላል፣ ግን ከጉባኤው በፊት ፈርሞ። ከስድስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት ቤት የክፍያ ስምምነት ካልፈረመ አይቆጠርም።

"ከጉባኤው በፊትና በኋላ መፈረም ምን ልዩነት አለው?" አልኳት። ልከራከራት አልነበረም፤ ደክሞኝ ነው።

"በፊት የሚፈርም ሰው ያምንሻል። በኋላ የሚፈርም ሰው ሊገላገልሽ ነው። ከፋዩ ጠይቆ፣ ተከራክሮ ይክፈል ነው ሕጉ የሚለው። ሌላ ተንኮል የለውም።"

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከነስሜ። ፈርሜ ተቀበልኩ።

ግንቦት 23፣ ሐሙስ

ትናንት ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። 101።

ደንቡን እንደገና። በዚህ ጊዜ እስከ ጫፉ። አንቀጽ 36፦ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ኮሚቴው ጉባኤ ሳይጠራ ከመጠባበቂያው ወጪ አድርጎ አደጋውን ለጊዜው መግታት ይችላል፣ በአሥር ቀን ውስጥ ለጉባኤ ካሳወቀ። እዚያው ነበር! ዓይኔ ሲጨፈን ያለፍኩት ገጽ ላይ።

ዛሬውኑ እንጨት፣ ሸራ፣ አሸዋ በጆንያ። ግንቡ ተደገፈ፣ ጉድጓዱ ተሸፈነ። ልብስ ሰፊዋና ልጆቿ የኋላውን ክፍል ለቀው ሳሎን አነጠፉ። "ስፌት ማሽኑ ሥር ነው የምንተኛው፤ ክር እየጎተትን እንነሳለን" አለች። ድጋፉ ትንሽ ዝናብ ይችላል፤ ትልቁን አይችልም፣ ግንበኛው ምሎ ነግሮኛል።

ግንቦት 26፣ እሁድ

ጥሪውን ሰጠሁ፣ ለሰኔ 3። ሠላሳ ሁለቱም በር። እያንዳንዱን አስቀምጬ ነገርኩት፦ ባለፈው ያስፈረምኩዎ ትክክል አልነበረም፣ የሚከፈለው ይህን ያህል ነው፣ ካልተስማሙ መጥተው ይቃወሙ። አንዳንዱ ሳቀ። ያ በአረፋ እጁ የፈረመው፣ "እኔ መች ፈረምኩ?" አለኝ። አሳየሁት። ጥሪውን ተቀበለኝ።

ቤት ቁጥር 21ን ለመጨረሻ አቆየሁት። ራሱ ከፈተ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ሚስትዎን ጻፊለት ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ጥፋት የለባትም።"

"ግንቡን የጠላሁ መሰለሽ?" አለ። "እኔ ሳልኖር መገኘቴን ነው የጠላሁት። ወንድሜ አንዴ በስሜ ፈርሞ ሱቄን ነቅሎ ወስዶታል። ከዜሮ ነው የጀመርኩት።"

"እሁድ ይመጣሉ?"

"አላውቅም" ብሎ በሩን ዘጋ። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ግንቦት 29፣ ረቡዕ

የሕግ ቢሮው መልስ፦ ሌላ ሰው ወስደዋል። ይሁን።

ከባለዕዳዎቹ ስምምነት የፈረመ የለም። ሁሉም "መጀመሪያ ሌላው ይፈርም" ነው የሚለው። እማዬ ከሥራ እንደገባች ቅጹን ከእጄ ወሰደችው። እስክሪብቶ ፈለገች።

"እማዬ፣ ማንም ሳይጀምር? ሰው ያወራል እኮ።"

"ያውራ። ልጄ ሕግ እንድትማር የዘገየ መዋጮ ነው፤ የሰረቅሁት የለም።"

ፈርማ መለሰችልኝና እራት ልታሞቅ ገባች። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ወጥቼ አሥሩን በር አንኳኳሁ፤ የመጀመሪያው ፊርማ የማን እንደሆነ እያሳየሁ። ስድስቱ ፈረሙ።

ሰኔ 3፣ እሁድ

ዛሬን በደንብ ልጽፈው።

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። የምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ወንበር ደረደርን። በር ላይ ቆሜ ራሴ ቆጠርኩ። በአካል አሥራ ሰባት። ውክልና አራት። ሃያ አንድ።

ሰዓቱ አለፈ። ደንቡ የሚፈቅደው ግማሽ ሰዓት ነው። ሃያ አንድ። ጋሼ መምህር የእጅ ሰዓታቸውን አይተው እኔን አዩኝ። "አንድ ብቻ እኮ ነው" አለ አንድ ሰው። "ሃያ ሁለት ብለሽ ጻፊው በቃ፣ ማን ይቆጥራል?" ልብስ ሰፊዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። አላየችኝም። ብታየኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

"እኔ እቆጥራለሁ" አልኩ።

አምስት ደቂቃ ሲቀር ወጣሁ። ተቃውሞ አለኝ ውጭ፣ ደረጃው ሥር፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

"ስንት ናችሁ?"

"ሃያ አንድ።"

"እኔ ካልገባሁ ይበተናል?"

"ይበተናል።"

"ገብቼ ብቃወምስ?"

ልዋሸው እችል ነበር። 'ከተቃወሙ አይቆጠሩም' ብለው፣ ተቃውሞ ሊበትነው ብሎ ይገባል፤ ይሄ በጭንቅላቴ ውልብ ብሎ አለፈ። "ቢቃወሙም ይቆጠራሉ" አልኩት። "ሃያ ሁለት እንሆናለን። ውሳኔው የእርስዎን ድምፅ አይጠብቅም፤ መገኘትዎን ግን ይጠብቃል።"

"አንቀጽ 18" አለ። "እኔም አንብቤዋለሁ።"

ከዚያ አልፎኝ ገባ። ወንበር ላይ ሳይቀመጥ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ፣ "ተቃውሞ አለኝ!" አለ። መኪና ማቆሚያው በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን መዝገቡ ላይ "ሃያ ሁለት" ብዬ ጻፍኩ።

ተነስቼ ሁሉን ነገርኳቸው፣ "ጻፊለት" ያልኩትን ጭምር። ጋሼ መምህርም ተነሱ። "መዝገቡን ሃያ ዓመት ያዞርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ልጅቷ ከእኔ ነው የተማረችው።" ተቀመጡ። ከመጠባበቂያው ለድጋፉ ያወጣነውን አሳወቅን። የእኔ ምርጫም እንደገና ድምፅ ተሰጠበት። "ሌላ የሚፈልግ አለ?" ሲባል ሁሉም የጫማውን ጫፍ አየ።

የተቃውሞ አለኝ ተቃውሞ እውነት ነበረው፤ የሦስት ግንበኞች ዋጋ ሳይወዳደር አንድ ብቻ ተመርጧል። ሦስት ጊዜ አስነበበኝ፤ ቃሉ አንድም ሳይጎድል ጻፍኩት። ጉባኤው ለዚህ ጊዜ እንዲታለፍ፣ ወደፊት ግን ያለ ውድድር ሥራ እንዳይሰጥ ወሰነ። ድጋፍ ሃያ። ድምፀ ተአቅቦ አንድ። ተቃውሞ አንድ።

በመጨረሻ ሁሉም ተሰልፎ ፈረመ። እሱ የመጨረሻው ነበር። ከእኔ እስክሪብቶ አልተቀበለም፤ ከኪሱ የራሱን አውጥቶ ስሙን በሙሉ ጻፈ።

ሰኔ 4፣ ሰኞ

የእግዱ ማንሻ ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤቱ በጠዋት ተሰጠኝ። ባለሙያዋ ሃያ ሁለቱን ፊርማ አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች።

ግንበኛው አምስት ሠራተኛ ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ። ውሉ በአዲስ መፈረም አለበት፤ በሊቀመንበሩና በገንዘብ ያዧ። ጋሼ መምህር ወርደው ፈረሙ። ፋርማሲስቷ ሥራ ገብታለች። ነጎድጓድ ይጮኻል።

"አንቺ ፈርሚላትና እንጀምር" አለ ግንበኛው። "ማታ ስትመጣ ትፈርማለች። ሰማዩን አታዪውም እንዴ?"

"አያለሁ። ሃያ ደቂቃ ጠብቁኝ።"

"ሃያ ደቂቃ! ይህን ሁሉ ሰው ይዤ!"

ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ፣ "ትሂድ፣ ተዋት" አለችው። "እስክትመጣ እኔ ሻይ አለኝ።"

ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘኝ፤ ውሉን ከሸሚዜ ሥር ከተትኩት። ፋርማሲው ውስጥ ሰልፍ ነበር። ፋርማሲስቷ ስታየኝ የያዘችውን የሳል መድኃኒት አስቀመጠች። "ይህን ለማስፈረም ነው እንዲህ የበሰበስሽው?" አለች። ተሰላፊዎቹ አጉረመረሙ። ሙሉውን አነበበችው፣ ዋጋውን ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ ፈረመች። ከጎኑ ሰዓቱንም እንድትጽፍ ለመንኳት።

ስመለስ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኗል። ዝናቡ ቀለል ብሏል። ግንበኛው እርጥቡን ወረቀት ገልጦ ሁለቱንም ፊርማ አየ፤ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ "በሉ፣ ሸራውን አንሱ" አለ።